የገደሉ መንገድ ተሳፋሪ

ቀረብ ቀረብ በሉ። በሩንም ዝጉት። ይህን ታሪክ በር ከፍቶ የሚያወራ ሰው የለም።

ድሮ ነው፤ ግን መኪና ከመጣ ወዲህ ነው። ጀምበር ጠልቃለች። ሰው ይሁን ጉቶ የማይለይበት ሰዓት ነው። ከአንድ የደጋ መንደር ወደ ቆላ ከተማ የሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላ በኩል ገደል። ጉም ከገደሉ ይነሳል። ሰው የለም። ከብት የለም። የውሻ ጩኸት እንኳ የለም። በዚያ መንገድ አንዲት ቀይ መኪና ትወርዳለች። ውስጧ አንድ ሰው አለ። አንድ ሰው ነው ያልኩት፤ ልብ በሉ።

ሰውዬው እንግዳወርቅ ይባላል፤ መካኒክ ነው። የጣሊያን የድሮ ስፖርት መኪና ካየ እህል ውሃ አይልም። የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ፣ «ይቺ ላንቻ ናት፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ናት» ይላል። ሄደው ሲያዩ ላንቻ ናት። ባህሩ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ እሱም በዚሁ በሽታ የተለከፈ ነው።

ቀይዋን መኪና ያገኟት አብረው ነው። እትዬ አስካለ በሚባሉ አሮጊት ጭድ ቤት ውስጥ ጭድ ተከምሮባት ነበር። ጭዱን ገለጥ ቢያደርጉት፣ አልፋ ሮሜዮ! ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ወገቧ ሰበር ያለ፣ አፍንጫዋ የሾለ። ባህሩ ኮፈኗን እንደ ፈረስ አንገት ደባበሰው። እንግዳወርቅ አለቀሰ። ለመኪና ይለቀሳል? አለቀሰ እላችኋለሁ!

«ውሰዷት» አሉ እትዬ አስካለ። «ግን አደራ፣ በገደሉ መንገድ ስትወርዱ ሁለት ሁኑ። የጎኑ ወንበር ባዶ እንዳይሆን።»

«ለምን እትዬ?» አለ ባህሩ።

«ባሌ ወርቅነህ የሚባል ወዳጅ ነበረው። ከጎኑ አይለይም ነበር። አንድ ቀን በጉም ውስጥ ባሌ እንደ እብድ ሲያበርራት ኩርባው ላይ ተንሸራተተ። ባሌ ተረፈ፤ ወርቅነህ ገደል ገባ። ከገደሉ ሥር ወንዝ ነው፤ ሬሳው አልተገኘም። ወንበሩን ባዶ ካየ ይሳፈራል፣ ልጆቼ።»

እሳቸው ፊት አልሳቁም። ደጅ ሲወጡ ሳቁ።

ስምንት ወር ሠሯት። እያንዳንዱን ብሎን አወለቁ፣ አጠቡ፣ መለሱ። ሞተሯ የተነሳ ዕለት ሁለቱም ቆመው አዳመጧት። እሑድ ታች ከተማው ውስጥ የድሮ መኪና ወዳጆች ይሰበሰባሉና፣ አብረው ሊወስዷት ተቃጠሩ።

ቅዳሜ ምሽት ግን እንግዳወርቅን ቅናት ያዘው። «የማን ናት?» ሲሉኝ «የሁለታችን» ልል ነው? አንድ ቀን እንኳ «የኔ ናት» ብል ምን አለበት? አለ በሆዱ። ባህሩ ሳያውቅ አስነሳት። ብቻውን ወጣ። ባዶ ወንበር ይዞ ወጣ።

አንደኛው ኩርባ ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አለፈው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ያው ሰው፣ ያው ካፖርት፤ አሁን በጎኑ ቆሟል። መኪና በእግር ይቀደማል? ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፊቱን አዙሮ እጁን አነሳ። እናንተ ብትሆኑ ትቆማላችሁ? እሱም አልቆመም። ነዳጅ ሰጣት።

አራተኛው ኩርባ ላይ ማንም የለም።

«ተመስገን» አለ እንግዳወርቅ።

ተመስገን ከማለቱ የጎኑ ወንበር ሲጥ አለ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው፣ ሲጥ። የረጠበ ሱፍ ሸተተው። የወንዝ ጭቃ ሸተተው። አልዞረም። አንገቱ እንጨት ሆነ።

«ቆየህብኝ» አለ ድምፁ።

«እኔ... እኔ እሱ አይደለሁም፣ ጌታዬ።»

«አውቃለሁ። እሷ ግን እሷው ናት። እንዴት ነው ያሳመርካት!»

ማርሹን በያዘው ቀኝ እጁ ላይ ሌላ እጅ አረፈ። ቀዝቃዛ ነው። ከጣቶቹ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ስጣት!» አለ። «ስጣት እንጂ! ትዘፍን!»

እግሩ ነዳጁን ረገጠው። እሱ አልረገጠም፤ እግሩ ረገጠ። ያ የሚወደው ድምፅ እንደ ሙሾ አውራጅ ጮኸ። ፊት ለፊት የመጨረሻው ኩርባ አለ። ከዚያ ወዲያ አየር ነው።

በዚህ መሃል ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ባህሩ ነው! ጋራዡን ባዶ ሲያገኘው በትንሿ ፊያቱ ተከትሎት ኖሯል።

«ባህሩ!» ብሎ ጮኸ እንግዳወርቅ፤ ጮኾም በግራ እጁ ተሻግሮ ፍሬኖ አማኖውን፣ የእጅ ፍሬኑን፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። መኪናዋ ሁለቴ ዞረች። አንድ ጎማዋ ከገደሉ አፋፍ አልፎ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጸጥ።

እንግዳወርቅ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ባህሩ ፊያቷን ከኋላ አቁሞ፣ ሞተሯን አጥፍቶ፣ ሊመታው እየሮጠ መጣ። ፊቱን ሲያየው ግን አቀፈው።

«ይቅር በለኝ፣ ባህሩ። ከዳሁህ።»

«እሱን ተወው። ሰውዬው ገደል ገባ እንዴ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ጎንህ ያለው ነዋ! ከኋላ ሳይ ሁለት ራስ ነበር።»

እንግዳወርቅ ወደ ቆመችው ፊያት አየ። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ባህሩ... አንተስ ከማን ጋር መጣህ?»

«እኔማ ብቻዬን...»

ጢ-ጢ-ጢጥ!

ሞተሯ የጠፋው ፊያት ጉሙ ውስጥ ጥሩምባዋን ነፋች። የጎን በሯም ተከፈተ።

ዞረው አላዩም። እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ከተማው በእግራቸው ሮጡ። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ አሥር ሰው ይዘው ተመለሱ። ፊያቷ ቆማለች። ቀይዋ የለችም። ገደሉን በገመድ ወርደው ፈተሹ፤ እዚያም የለችም።

መንገዱ ዛሬም አለ። መኪና ያላችሁ ስሙኝ፤ በዚያ ስትወርዱ ከጎናችሁ ሰው አስቀምጡ። ሰው ካጣችሁ በግም ቢሆን ጫኑ። ብቻችሁን ግን አትውረዱ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ፣ ባዶ ሆኖ አይደርስም።