ለሁለት አንድ አጎበር

ይህ ታሪክ ፈጠራ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ። ግን ሆኗል... በእኔው ላይ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ የማያባራ ዝናብ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ብቻ።

ጫካውን ከዳር እስከ ዳር በእግር ልናቋርጥ ነው የወጣነው፤ የብዙ ቀን መንገድ ነው። ወንድሜ ደግሞ ሸክም አይወድም። የጥርስ ብሩሻችንን እጀታ ሳይቀር ቆርጦ ጥሎታል።

ድንኳን ከበደው። ለዝናቡ በገመድ የሚወጠር ስስ ሸራ፣ ለቢምቢው ከሸራው ሥር የሚንጠለጠል አጎበር መረጠ።

ዕቃውን የሸጠችልን ሴትዮ መክራን ነበር።

«አጎበሩን እንኳ ለየራሳችሁ ያዙ። አንዱ በገባ በወጣ ቁጥር ሌላው ይበላል።»

«እሷን ማን ይበላታል?» አለ ወንድሜ በአገጩ እያመለከተኝ። «ቢምቢ ሁሉ የኔ ዘመድ ነው። እኔ እያለሁ ዞር ብሎም አያያት።»

ሳቅን። አንድ አጎበር ገዛን።

ጫካው ውስጥ፣ በዚያ ዝናብ፣ ሸራውን ዝቅ አድርገን ወጠርን። እኔ አጎበሩ ውስጥ ገባሁ፤ ዚፑ የሚከፈተው ከውስጥ ብቻ ነው። እሱ የዝናብ ልብሱን ደርቦ ውሃ ሊቀዳ ወደ ወንዙ ወረደ።

«ዚፑን ዝጊ፣ ሚጡ። እኔ እስክመጣ እንዳትከፍቺ።»

ቆየ...

ከዚያ መጣ። ከፈትኩለት። ገባ። ዘጋሁ።

«ውሃውስ?»

«የለም።»

ሰማዩ ተቀዶ እየፈሰሰ... ውሃ የለም?

አብረውት የገቡት ቢምቢዎች እኔ ላይ ሰፈሩ። አንገቴ ላይ። ሽፋሽፍቴ ላይ።

እሱ ላይ አንድም።

«ዘመዶችህ ከዱህ እንዴ?» አልኩ፣ ለመሳቅ እየሞከርኩ።

አልሳቀም።

ስስ ሸራ አንድ ጠባይ አለው። የተኛ ሰው ትንፋሽ ከሥሩ ይጠራቀምና ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። በእኔ በኩል ይንጠባጠብ ጀምሯል።

ቀስ ብዬ በእሱ በኩል ያለውን ሸራ ነካሁት።

ደረቅ ነው።

ያን ጊዜ ነው ከውጭ የሰማሁት...

«ሚጡ... ክፈቺልኝ። ጨረሱኝ እኮ።»

የወንድሜ ድምፅ። በእጁ የያዘው ኮዳ ውስጥ ውሃው ሲንቦጫቦጭ ይሰማል።

ከሸራው ጠርዝ በታች ጫማዎቹ ታዩኝ። ጭቃ በጭቃ ናቸው። አጠገቤ የተጋደመውም እነዚያኑ ጫማዎች አድርጓል። የእሱ ግን ንጹሕ ናቸው።

«ወንድም ጋሼ?» አልኩ።

«ወዬ» አለ ውጭ ያለው።

«ወዬ» አለ አጠገቤ ያለው።

እጄን ወደ ዚፑ ዘረጋሁ። ቀደመኝ። መዳፉ በእጄ ላይ አረፈ። አይቀዘቅዝም። አይሞቅም።

«አትክፈቺ» አለ በሹክሹክታ። «ቢምቢ ይገባል።»

ውጭ ያለው ለመነኝ። ተቆጣኝ። «ምን አደረግኩሽ?» አለኝ። በመጨረሻ «እማዬ» እያለ ማልቀስ ጀመረ። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። እጄ ከመዳፉ ሥር አልተንቀሳቀሰም።

ልቅሶው እየሳሳ... እየሳሳ ሄደ።

ሲነጋ ጫማዎቹም አልነበሩም።

አብረን ተመለስን። ሌላ ምን ላድርግ? ለማን ልንገር? ማንስ ያምነኛል?

እማዬ በር ላይ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። ለረጅም ጊዜ አሸተተችው። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ አየችኝ።



ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር የውጭውን በር ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ወንድሜ ተነስቶ በሩን ሊዘጋ ሄደ።

አልገጥም አለው። ገፋው። በትከሻው ገፋው።

እማዬ ከወጥ ቤት ሆና «ማነው እሱ?» አለች።

«ነፋስ ነው» አለ፣ እኔን እያየ።

በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ቢምቢ የበላቸው፣ ያበጡ አራት ጣቶች ነበሩ።

በሙሉ ክብደቱ ተጫናቸው...

አልለቀቁም።