ሳልጠይቅ የጻፍኩት አባት

ሕፃኑን ያሰርኩት በተሳሳተ ሰው ደረት ላይ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሥራ ብዛት አይደለም፣ የማንም ሴራ አይደለም። «እንዴት ተዋወቃችሁ?» እያላችሁ ስለነዘነዛችሁኝ እነሆ፣ የተዋወቅነው በዚህ ጥፋት ነው።

የወሊድ ክፍል ረዳት ነኝ። ምጥ የያዛትን ሴት ወገብ አሻለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ሕፃን እጠቀልላለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ተዉት። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ቀኗ ሳይደርስ በኦፕሬሽን ወለደች። ልጁ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ፊቱን አጨማዶ ሁላችንንም ሲገላምጠን «ዳኛው» አልነው።

እንዲህ ላለ ሕፃን ከሰው ገላ የተሻለ ማሞቂያ የለም። እናትየው ገና አልነቃችም፣ ስለዚህ አባት ይፈለጋል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ሕፃኑን የሚቀበለውን ሰው «የእናትየው ምኗ ነህ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱን ቅጹ ላይ መጻፍ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም ሰው የእናትየውን ጫማ እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ና፣ ግባ። ሸሚዝህን አውልቅ።»

«እኔ?»

«ሌላ ሰው ይታይሃል?»

«አይ፣ እኔ እኮ...»

«እኮውን በኋላ። ልጁ እየቀዘቀዘ ነው።»

አወለቀ። ዳኛውን ደረቱ ላይ አስተኝቼ በጨርቅ አሰርኩት። ቅጹ ላይ «አባት» ብዬ ጻፍኩ። ሳልጠይቅ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ...» አለ በሹክሹክታ።

«ተንፍስ እንጂ አታውራ። ስታወራ ትቀሰቅሰዋለህ።»

አንድ ሰዓት ያህል ሳይነቃነቅ ተቀመጠ። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ዓይኑ ይከተለኛል። ዓይኑ ያምራል፤ ያናደደኝም እሱ ነው። የሕፃኑን ሙቀት ልለካ ጎንበስ ስል አላስችለኝ አለ።

«ወንድሜ፣ ሚስትህ ሆዷ ተሰፍቶ እዚያ ተኝታለች። ዓይንህን ሰብስብ።»

ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ዳኛው ደረቱ ላይ ከፍ ዝቅ አለ።

«ሚስት የለኝም። እህቴ ናት። ይሄን ልነግርሽ እኮ ነው ሸሚዜን ካወለቅኩ ጀምሮ የምለማመጥሽ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አባቱስ?»

«የጭነት መኪና ሾፌር ነው። መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው።»

መልሱን ሳይጨርስ ሾፌሩ በሩ ላይ ቆመ። ልጁን በሚስቱ ወንድም ደረት ላይ አየው።

«ልጄን... እኔ ሳላቅፈው?» ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ድምፁ ተሰበረ። «ማነው የፈቀደው? አለቃችሁን ጥሩልኝ።»

ዋና አዋላጇ መጣች። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ቅጹን አንብባ ቀና ስትል አጎትየው ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ስትጠይቀኝ አባቱ ነኝ ብያታለሁ።»

ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ዝም ብል ሥራዬ ይተርፋል። እሱ ግን ዋሽቶ ሕፃን ተቀብሏል ተብሎ ከክፍሉ ይታገዳል፤ ሾፌሩ በማግስቱ መንገድ ይወጣል፤ እህቱ ሰው አልባ ትቀራለች።

«ይዋሻል፣ ሲስተር» አልኩ። «አልጠየቅኩትም። ሊነግረኝ ሲሞክር አላስተነፍስ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ልጅ፣ በሰባት ወርሽ ነው የተወለድሽው?»

«በዘጠኝ።»

«አይመስልም።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። የሙከራ ጊዜዬ በሦስት ወር ተራዘመ። «እናትየው እስክትወጣ ድረስ ደግሞ» አለች ሲስተር፣ እኔንም እሱንም እያየች፣ «ከሥራ ውጭ አንዲት ቃል ስትለዋወጡ እንዳልሰማ። ዓይን አለኝ።» ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞራ ሸሚዙን አስወለቀችው። ዳኛው አባቱ ደረት ላይ ሲያርፍ የሰውየው ንዴት የት እንደገባ እንጃ።

አጎትየው ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ለምን ተናገርሽ? አድኜሽ ነበር እኮ።»

«ማን አድነኝ አለህ? ለጥፋቴ የራሴ አፍ አለኝ።»

ፊቱ ጠቆረ። ሸሚዙን አጥልቆ ሄደ። ጥሩ፣ ገላገለኝ አልኩ። ቤቴ እስክደርስ ግን ራሴን ስሰድብ ነበር።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ዳኛውን በተራ አቅፎ እህቱን ለማሳረፍ። አናጢ ነው፣ ከሥራ ነው የሚመጣው።

«ፀጉርህ ላይ ሰጋቱራ አለ። ታጥበህ ና።»

«እሺ።»

አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ።

«ከፍ አድርገው።»

«እሺ።»

«ሙቀቱ ሠላሳ ስድስት ተኩል።»

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።»

ሌላ ምንም የለም። ነገር ግን በስድስተኛው ቀን «ጥሩ ነው?» ሲለኝ ኩርፊያው ከድምፁ ጠፍቶ ነበር። በዘጠነኛው ቀን እህቱ ከአልጋዋ ቀና ብላ «እናንተ ሰዎች፣ እውነት ስለ ልጄ ሙቀት ነው የምታወሩት?» አለች። ቴርሞሜትሩን ጣልኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዳኛው ሁለት ኪሎ ሞልቶ ከነእናቱ ወጣ። አጎትየው እህቱን መኪና ውስጥ አስገብቶ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ተመለሰ። እኔና ሲስተር የአንሶላ ክፍል ውስጥ ነበርን።

«እህቴ ፈርማ ወጥታለች።»

«አይቻለሁ።»

«ያን ቀን ተቀይሜሽ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔም ስለዋሸህልኝ ተናድጄ ነበር። ሁለተኛ እንዳትዋሽልኝ።»

«ሁለተኛም አለ ማለት ነው?»

ያጠፍኩትን አንሶላ ዘርግቼ እንደገና አጠፍኩት።

«አለ» አልኩ በመጨረሻ።

ሲስተር ከአንሶላው ዓይኗን ሳታነሳ «ሂጂ በቃ» አለች። «ቀሪውን እኔ አጥፈዋለሁ።»

«አሥር ደቂቃ ይቀረኛል።»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ። አንተም እንደ ምሰሶ አትገተር፣ ያዛት።»

ባለፈው ወር ተጋብተናል፤ ዳኛው ሠርጉ ላይ በገዛ እግሩ ሄዷል። ያን ቀን ግን ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። ጋውኔን ሰቀልኩና እጁን እኔው ያዝኩት፤ እሱ እስኪይዘኝ ብጠብቅ ይመሽ ነበር። ወጣን፤ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።