ላሊሴ የመታቻት ኳስ

ሞቲና ላሊሴን ያገናኛቸው የፈሰሰ ወተት ነው። ሱሉልታ ውስጥ ሞቲ ማለዳ ከየገበሬው ወተት ሲሰበስብ፣ ላሊሴ በልምምድ ላይ የመታቻት ኳስ ከሞተር ሳይክሉ ላይ ጀሪካኑን ገልብጣ ጣለችው። ይቅርታ የጠየቀችው እየሳቀች ነበር። እሱም ለወጉ ያህል ተቆጣና፣ ከዚያ ወዲህ በልምምድ ሜዳዋ በኩል ሳያልፍ የዋለበት ቀን የለም።

ዓመቱ ዞሮ «ሽማግሌ ልላክ?» ሲላት፣ ለሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተመርጣ፣ ውጭ አገር ለሚካሄድ የዋንጫ ውድድር ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር።

«ሁለት ነገር ባንዴ አልችልም፣ ሞቲ። ስመለስ መልሴን እነግርሃለሁ።»

«መቼ ነው የምትመለሺው?»

«በተሸነፍን ማግስት።»

ሞቲ ደስ አለው። ቡድኑ ከሦስት ጨዋታ እንደማያልፍ አገር ምድሩ ያወራ ነበርና! ልጆቹ ግን ማንንም አልሰሙም። የመጀመሪያውን አሸነፉ፤ ሁለተኛውን ደገሙ፤ በሦስተኛው፣ የሰፈሩ ሰው ጨዋታውን በቴሌቪዥን የሚያይበት የወንዲ ምግብ ቤት አግዳሚ ወንበር በጭፈራ ተሰበረ። አቤት የላሊሴ ግራ እግር! «ሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል?» ይሉ የነበሩት አባቷ ኦቦ ኢተፋ እንኳ «አፌን በቆረጠው! ኢንተለ ኮ! የኔ ልጅ ናት!» እያሉ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ይወረውሩ ጀመር። ሞቲ ከሁሉም በላይ ይጮህ ነበር፤ ባሸነፉ ቁጥር መልሱ እንደሚዘገይ እያወቀ።

ግማሽ ፍጻሜው አንድ ለአንድ ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ። ኳሷን ያነሳችው ላሊሴ ናት። የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። ያኔ ሞቲ በሆዱ «ምነው በሳተችና ነገ በመጣች» አለ።

መታቻት። ገባች! ሰው ሁሉ ሲዘል ሞቲ ከተቀመጠበት አልተነሳም፤ በራሱ አፍሮ ነበር።

ፍጻሜውንም አሸንፈው ዋንጫውን ይዘው ገቡ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ላሊሴ እንደ ድሮዋ ሜዳው ላይ ነበረች። ሞቲ ሞተሩን አጠፋ።

«ሰው እንኳን ደስ አለሽ አይልም?»

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ላሊሴ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያቺን ፍጹም ቅጣት ምት ስትመቺ፣ ምነው በሳትሽ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ቶሎ እንድትመጪልኝ። ይሄን ደብቄሽ ሽማግሌ መላክ አልሆነልኝም።»

ላሊሴ ቀና ብላ አላየችውም። ኳሷን በእግሯ ወዲያና ወዲህ ስታንከባልል ቆየች። ሞቲ በቃ አለቀልኝ ብሎ አንገቱን ደፋ።

«እኔም ኳሷን ሳስቀምጥ እንደሱ አስቤ ነበር» አለች ኳሷን እያየች። «ብስት ነገ ሞቲ ጋ ነኝ ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በግራ እግሬ አጥብቄ መታኋት!»

ሞቲ ሳቁ አመለጠው። የወደዳት እንዲህ ያለችዋን ልጅ ነበር፤ አሁን ደግሞ ይበልጥ ወደዳት።

«አባዬ እሁድ ከቤት አይወጣም» አለችው፣ አሁን ዓይን ዓይኑን እያየች። «ሽማግሌዎቹ ግን በማለዳ ይምጡ። ከሰዓት ልምምድ አለኝ።»