ባለቤትዎ ምን ያበሉዎታል?

ዕድሜያቸውን በዳኝነት ወንበር ያሳለፉት አቶ ሀብተሥላሴ፣ በስደት በሚኖሩበት አገር ጃክሰን ጎዳና ላይ በሚገኝ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ በሚወዷቸው ሴት ፊት ምላሳቸውን እንዲያወጡ ታዘዙ።

ሴቲቱ ወይዘሮ ወርቅውሃ ነበሩ። ሁለቱም የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ፣ በአንድ ደብር የሚያስቀድሱ ናቸው። የአቶ ሀብተሥላሴን ጉልበት ማበጥ አይተው በመኪናቸው ያመጧቸው እርሳቸው ናቸው። ቀደም ሲል ምግብ ሠርተው ሊያመጡላቸው ቢጠይቁ ግን፣ አቶ ሀብተሥላሴ ልጃቸው ኖላዊት በየዕለቱ ትኩስ ወጥ እንደምታደርስላቸው ነግረው መልሰዋቸው ነበር።

ምላሱ ሲወጣ ወይዘሮ ወርቅውሃ በጨዋነት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ወጣቷ ሐኪም ቢጫውንና ወፍራሙን ሽፋን መረመረች። ሙቀትና እርጥበት በሰውነታቸው ታምቆ ጉልበታቸው ላይ መውረዱን አስረዳች። ቀዝቃዛ ወተት፣ አይብና ጣፋጭ ያዘወትሩ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ይህን ጊዜ ወደ ወይዘሮ ወርቅውሃ ዞረች።

«ባለቤትዎን እንዲህ ያለ ነገር ያበሏቸዋል? እርጥበቱን የሚያደርቅ ገብስ ቀቅሎ መስጠት ይህን ያህል ይከብዳል?»

አቶ ሀብተሥላሴ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግን መልሰው ገጠሙት።

ወይዘሮ ወርቅውሃ አንድ ጊዜ አዩዋቸውና አቀረቀሩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስተካክላለሁ» አሉ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ አቶ ሀብተሥላሴን ቱክዊላ ከሚገኘው ቤታቸው አደረሷቸው። ከዚያ በኋላ አቶ ሀብተሥላሴ ስልክ ማንሳት ተዉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሲሄዱ ከዓምድ ኋላ መቆም ጀመሩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ወርቅውሃ የድምፅ መልእክት ተዉላቸው።

«የእርስዎ ሚስት መባሌ ክብርዎን ከነካ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለቀጠሮዎ ሌላ ሰው ያድርስዎት።»

አቶ ሀብተሥላሴ ፍሪጁን ከፍተው እንደ ቆሙ መልእክቱን ሰሙት። ንጹሕ ሰው አስወቅሰው፣ ይቅርታውንም ያንኑ ሰው አስጠየቁ! ወዲያው ደውለው፣ ከእርሳቸው በቀር ማንም እንዳይወስዳቸው ለመኑ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ፊት የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ቆሙ።

«ያለ ጥፋታቸው የተወቀሱት እኚህ ሴት ባለቤቴ አይደሉም። የምኖረው ብቻዬን ነው፤ ልጄም ቴክሳስ ከገባች ቆይታለች። እራቴ ከበረዶ የወጣ ፒዛ ነው። ብቸኝነቴን አይተው እንዳይንቁኝ ሰግቼ፣ ሲወቀሱ ዝም አልኩ። አፍሬአለሁ።»

ሐኪሟ ደንግጣ ወይዘሮ ወርቅውሃን ይቅርታ ጠየቀች። እርሳቸው ግን ወደ አቶ ሀብተሥላሴ ዞረው ፈገግ አሉ።

«የኖላዊትን መሄድ እኮ ሰንበቴው ሁሉ ያውቃል። እኔ የጠበቅሁት እርስዎ እስኪነግሩኝ ነው።»

«ባለቤቴ አይደሉም ያልኩት... እስከ ዛሬ ያለውን ነው። ፈቃድዎ ከሆነ...»

«ፈቃዴ ነው። ፒዛው ግን ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ምላሳቸውን እንዲያሳዩ ጠየቀች። ወይዘሮ ወርቅውሃ እንደ ቀድሞው ወደ መስኮቱ ሊዞሩ ሲሉ፣ አቶ ሀብተሥላሴ እጃቸውን ያዙ።

«አይዙሩ» አሉ በዝግታ። «ይዩት።»

ምላሳቸውንም አወጡ።