ገና ያልተፈታው

እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ይህ በእኔ ቤት የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው።

ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ፣ ፀሐይ ገና አልገባችም። ቦታው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት።

ወንድሜ ግሩም ከማረሚያ ቤት ከወጣ ገና ወሩ ነበር። አእምሮውን ያመዋል። እስር ቤት መድኃኒት ይሰጡት ነበር፤ ሲፈታ ግን የያዘው የሳምንት ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ስንሄድ ወረቀት ከማረሚያ ቤቱ አምጡ አሉን። እዚያ ስንሄድ እኛን አይመለከትም... ብቻ አንከራተቱን።

መድኃኒቱ አለቀ።

ከዚያ የግሩም ክፍል በር መንኳኳት ጀመረ። ከውስጥ።

አልተቆለፈም እኮ... ግን አይከፍተውም። እስር ቤት በር የሚከፍተው ሌላ ሰው ነዋ። ሦስት ጊዜ ይንኳኳል፣ ቆም ይላል፣ አንዴ ይደገማል። ስከፍት ግሩም ቆሞ አገኘዋለሁ።

"ተፈቀደ?" ይለኛል።

"ተፈቀደ" እለዋለሁ። ያኔ ይወጣል። አንጀቴን ይበላኛል።

አከራያችን እትዬ ወለተ ኪዳን ግን ፈሩ። ማንኳኳቱ እንቅልፍ ነሳኝ፣ እስከ እሁድ ጸጥ ካላለ ቤቴን ልቀቁልኝ አሉ። ክፉ ሆነው አይደለም። ግን ታስሮ የወጣ፣ አእምሮውን የታመመ ሰው ይዤ ማን ያከራየኛል?

ቅዳሜ ዕለት አንዲት ነርስ፣ እግዜር ይስጣት፣ ራርታ ሐኪሙ ጋ አስገባችን። መድኃኒቱ ተገኘ።

በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ክኒኑን አስዋጥኩት። የሐይቁ ነፋስ ይነፍሳል። ትከሻው ትከሻዬን ነክቷል። ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ...

ከውስጥ ተንኳኳ።

ሦስት ጊዜ። ቆም አለ። ደገመ።

የግሩምን እጆች አየሁ። ጉልበቱ ላይ ናቸው።

ልነሣ ስል ክንዴን ያዘኝ።

"ፀሐይዬ... አትክፈቺ።"

"ማነው?" አልኩት በሹክሹክታ።

"እስር ቤት ከእሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው።"

"እና?"

"እሱ ገና አልተፈታም።"

ቀና ስል እትዬ ወለተ ኪዳን ግቢው መሀል ቆመዋል። ሁለታችንንም አዩን። ከዚያ ወደ ቤቱ አዩና አማተቡ። እሳቸውም ሰምተዋል።

እሁድ አለፈ። ልቀቁ አላሉንም። ግሩም መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፤ በር ራሱ ከፍቶ ይወጣል፣ ራሱ ይገባል። የምንተኛው ሁለታችንም በአንደኛው ክፍል ነው።

ሌላኛውን ከውጭ የምቆልፈው እኔ ነኝ።

ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግሩም ገበያ ሄዶ ነበር። በዚያ በር ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ... ቀስ ያለ፣ ትሑት ድምፅ።

"ተፈቀደ?"

ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።