ጎረቤታችን ናት

«እማ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ዘንቢሉን እቤት እንተወው!»

ረውዳ መለመን ከጀመረች ቆይታለች። እናቷ ኩልሱም ግን የግቢውን በር ቀስ ብላ ዘግታ፣ ያን ትልቅ የገበያ ዘንቢል በክንዷ አንጠልጥላ መንገድ ጀምራለች። ገና አልነጋም። የቂርቆስ ሰፈር ውሾች እንኳ ለመጮህ ሰንፈዋል።

«ምግቡን እነሱ ያቀርባሉ ብዬሻለሁ እኮ። ፓኬጁ ውስጥ አለ።»

«ቁርስስ?»

«ቁርስም አለ።»

«መክሰስስ?»

«እማ!»

«ሰው ይራባል» አለች ኩልሱም። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

እውነቱን ለመናገር ጉዞውን የፈለገችው ራሷ ረውዳ ናት። ታዲዎስ የሚባለው ወጣት አስጎብኚ፣ ኦሎምፒያ ጀርባ ባለችው የኩልሱም ሳምቡሳ መሸጫ ደንበኛ ነው። ሁለት ተጓዦች ጉዞው ሊደርስ ሲል ሲቀሩበት፣ «ማዘር፣ እሑድ ወንጪ ሐይቅ ልንሄድ ነው፤ ልጅዎን ይዘው ይምጡ፣ ግብዣዬ ነው» አላት። ኩልሱም ሳቀች። ተራራ ወጥታ ምን ልትሠራ! ረውዳ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም። የሐይቁን ፎቶ ስልክ ላይ አስሬ ከፍታ አየች። አባቷ ሱሩር «ከእናቷ ጋር ከሆነ እሺ፣ ብቻዋን ግን አትሞክረውም» ሲል ልመናው ወደ እናቷ ዞረ። ያቺ እሑድ ኩልሱም ረመዷንን ሙሉ ለአፍጥር ሳምቡሳ ስትጠብስ ከርማ ገና ከኢድ በኋላ ያገኘቻት የመጀመሪያ የዕረፍት ቀን ነበረች። እሷንም ለልጇ ሰጠቻት።

መስቀል አደባባይ ሲደርሱ ሯጮቹ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል እያሉት ነው። አውቶቡሱ አጠገብ የተሰበሰቡት ተጓዦች አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ የስፖርት ጫማ፣ የጀርባ ቦርሳ፣ የመራመጃ ዘንግ። ኩልሱም ረጅም ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ ሸራ ጫማ ተጫምታ፣ ዘንቢሏን ታቅፋ መሃላቸው ቆመች። ዘንቢሉ ደግሞ የታወቀውን የዘይት ሽታ ይሸታል። ረውዳ በዚያ ሽታ የተነሳ ትምህርት ቤት ውስጥ «ሳምቡሴ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ጠዋት ጠዋት ሹራቧን መስኮት ላይ ሰቅላ ካላናፈሰች ከቤት አትወጣም። እዚህ ግን ማንም አያውቃትም። እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አይገኝም።

ኩልሱም መኪና ስለሚያቅለሸልሻት ታዲዎስ ከሾፌሩ ጀርባ አስቀመጣት። ለማቅለሽለሹ የያዘችውን ሎሚ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ አውቶቡሱ ከመነሳቱ እንቅልፍ ወሰዳት። ረውዳ ከኋላ ባገኘችው ወንበር ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት ሁለት ጓደኛሞች ሄኒና ሰብሊ ይባላሉ፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ናቸው፤ ብዙ ተራራ ወጥተዋል። በተለይ ሄኒ ሳቋ የሚጋባ፣ ወሬዋ የማያልቅ ልጅ ናት። ሰበታ ሳይደርሱ ረውዳን «ሪዱ» ብላ አቆላምጣታለች። ረውዳም «ሪዱ» መሆን ደስ ብሏታል።

«ያቺ ከፊት ያለችውን ማዘር አያችኋት?» አለች ሄኒ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዘንቢል ይዛ ሃይኪንግ! በቃ፣ ወንጪ ላይ ሽንኩርት ረክሷል ያላት ሰው አለ።»

ሰብሊ በሳቅ ፈነዳች። ረውዳም ሳቀች። ወደ ፊት ግን አላየችም።

«ሙድ እየያዝኩ አይደለም፣ ወድጃት ነው» አለች ሄኒ። «ስትመጡ ካንቺ ጋር ያየኋት መሰለኝ። አብራችሁ ናችሁ እንዴ?»

«ጎረቤታችን ናት» አለች ረውዳ።

ሳታስበው ነው ከአፏ ያመለጣት። ልመልሰው ብትል ይመለስ ነበር፤ «ኧረ ቀልዴን ነው» ብትል ያልቅ ነበር። ነገር ግን ሄኒ ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ አለፈች፤ ቃሉም እዚያው ተቀመጠ። ረውዳ ቀና ብላ ወደ ፊት አየች። የእናቷ አንገት በእንቅልፍ ወደ ጎን ወድቋል። ሎሚው ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ነው፤ የሚያነሳላት ሰው አልነበረም።

ወሊሶን አልፈው ዳገቱን ሲጨርሱ ጠዋቱ ፈክቶ ነበር። ሰው ሁሉ ከአውቶቡሱ ወርዶ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደና ቁልቁል አየ። ሐይቁ ከታች፣ በተራሮቹ ጉያ ተኝቷል። ጉሙ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ እየተነሳ፣ መሃል ላይ ያለችውን ደሴት አንዴ ይሸፍናታል፣ አንዴ ይገልጣታል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ፎቶው ላይ ብርዱ የለም፤ ይህ ጸጥታም የለም። ረውዳ ደስታዋን የምትነግረው ሰው ፈልጋ ወደ ጎን ዞረች። የፈለገችው እናቷን ነበር።

«የአካባቢው አስጎብኚያችን ጋሽ ረጋሳ ይባላሉ፤ ከፊት እሳቸው፣ ከኋላ እኔ» አለ ታዲዎስ። «ትውውቁ ታች፣ ሐይቁ ዳር ነው። አሁን ገና እንቅልፋችሁ አልለቀቃችሁም፤ ስማችሁን ብትጠየቁ ትሳሳታላችሁ። ያቺ ደሴት ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ቂርቆስ ነች። የቂርቆስ ሰፈር ልጆች እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ!»

«ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ» አለች ሰብሊ እያማተበች። «ትንሽ ልጅ ሆኖ እሳት ፊት እንኳ ከእናቱ አልተለየም እኮ።»

ረውዳ የጫማዋን ክር ለማሰር አጎነበሰች። ክሩ አልተፈታም ነበር።

ቁልቁለቱ አቧራማ ነው፤ ግራና ቀኙ እንሰት ነው። ረውዳ ከእነሄኒ ጋር ከፊት እየሄደች፣ በየኩርባው ዞር እያለች ኋላዋን ታያለች። ኩልሱም ዘንቢሏን ለማንም አልሰጥም ብላ ቀስ እያለች ትወርዳለች። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ የእንሰቱን ቅጠል ስትዳብስ አየቻት። ኩልሱም ስልጤ፣ አባቷ ጓሮ እያየችው ያደገችው ተክል ነው። ለታዲዎስ የሆነ ነገር ነገረችውና ሁለቱም ሳቁ። እናቷ እንዲህ ስትስቅ፣ እንዲህ ሳትጣደፍ ስትራመድ ረውዳ መቼ እንዳየቻት ማስታወስ አልቻለችም። ሮጣ አጠገቧ መድረስ ፈለገች። ያቺ የአውቶቡስ ውስጥ ቃል ግን መንገዱ መሃል ቆማለች።

ምንጭ ዳር ለዕረፍት ሲቀመጡ ኩልሱምም ደረሰች። ሄኒ ደግሞ፣ ደግ ልጅ ስለሆነች፣ ተነስታ ድንጋዩን ለቀቀችላት።

«ይቀመጡ ማዘር። በርቱ! ጎረቤትዎ እኮ አስቸገረችን፤ ከኛ እኩል ነው የምትሄደው።»

«ጎረቤቴ?» አለች ኩልሱም።

ሄኒ በአገጯ ወደ ረውዳ አመለከተች። ኩልሱም ልጇን አየቻት። ረውዳ መሬት መሬት አየች። ጆሮዋ ሲግል ይሰማታል። አሁን አበቃልኝ አለች በልቧ፤ ሁሉም ሰው ሊያውቅ ነው፣ ሄኒም ልትታዘበኝ ነው።

«አዎ» አለች ኩልሱም፣ የሻርፗን ጫፍ እያስተካከለች። «ጎበዝ ልጅ ናት። ገና ሳትወለድ ጀምሮ አውቃታለሁ።»

ከዚያ ውሃዋን ጠጣች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ረውዳ ቁጣ ብታይበት ኖሮ ይቀልላት ነበር።

ሐይቁ ዳር እንደደረሱ ታዲዎስ በአህያ የመጣውን የቁርስ ካርቶን ከፈተና ራሱን ያዘ። «ኧረ ጉድ!» ሁሉም ሳንዱዊች የእንቁላል ነበር። የታዘዘበት ካፌ የሌላ ቡድን ካርቶን አሸክሞታል። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ ከተጓዦቹ ከግማሽ በላይ ጿሚ ናቸው፤ ራሱ ታዲዎስም፣ ሄኒም፣ ሰብሊም። ምሳው ያለው ላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ነው። እንቁላል የሚበሉት እንኳ፣ ሌላው እያያቸው ለመብላት አፍረው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ኩልሱም ዘንቢሏን ሳሩ ላይ አስቀምጣ የሸፈነችበትን ጨርቅ ገለጠች። ሳምቡሳው በሦስት ትልልቅ ሳህን ተደርድሯል።

«የምስር ነው» አለች። ሁሉም ሲያያት ትንሽ አፈረች። «እኛ ብንፈታ እናንተ ገና ናችሁ ብዬ ነው። ዘይቱ አዲስ ነው፤ መጥበሻውም የጾም ብቻ ነው፣ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ሳትጠራጠሩ ብሉ።»

ረውዳ ያን መጥበሻ ታውቀዋለች። ሁዳዴ ሲገባ እናቷ ከሌላው ዕቃ ለይታ ለብቻው ነው የምትሰቅለው፤ አንድ ቀን ረውዳ እንቁላል ልትጠብስበት አንስታው ተቆጥታታለች። «ሰው አምኖኝ ነው የሚበላው» ነበር ያለቻት። ረውዳ ያኔ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ዛሬ ሌሊት የዘይቱ ሽታ ሲቀሰቅሳትም ተነጫንጫ ብርድ ልብሱን ተከናንባ ነበር የተኛችው። እናቷ ለማታውቃቸው ሰዎች፣ ለዚያውም ለእነሱ ጾም ተጨንቃ፣ እንቅልፏን አጥታ እንደነበር አሁን ገባት።

«ይቺን ሴት አታውቋትም እንጂ!» አለ ታዲዎስ አፉ ሞልቶ። «የኦሎምፒያ ሳምቡሳ ማለት እሷ ናት። ልጇም እኮ እዚሁ—»

«አንተ ዝም ብለህ ብላ!» ኩልሱም ከየት መጣች ሳይባል አንድ ሙሉ ሳምቡሳ አፉ ውስጥ አጎረሰችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ረውዳ ብቻ ናት ጉርሻው ለምን እንደመጣ የገባት።

ከዚያ ኩልሱም እየዞረች አደለች። «እንካ የኔ ልጅ።» «እንኪ የኔ ልጅ፣ ድገሚ።» ለሄኒም፣ ለሰብሊም፣ ለአንድ ጢማም ጎረምሳም፣ ሁሉም የእሷ ልጅ ነው። ረውዳ ጋ ስትደርስ ሳምቡሳውን ዘረጋችላት።

«እንኪ» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ረውዳ ተቀበለች። ልትጎርሰው ሞከረች፤ አልሆነላትም። በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«በሉ፣ ትውውቅ!» አለ ታዲዎስ፣ ሰዉን በክብ አቁሞ። «ስማችሁን፣ ከዚያ ደግሞ ዛሬ ጠዋት የምታመሰግኑትን አንድ ሰው ትነግሩናላችሁ።»

ሰብሊ ሄኒን አመሰገነች። ሄኒ «አባቴን ላመሰግን ነበር፤ አሁን ግን ሳምቡሳዋን ማዘር ነው፣ አባዬ ይቅር ይበለኝ» ብላ አሳቀች። ተራው ኩልሱም ጋ ደረሰ።

«ኩልሱም እባላለሁ።» ሰው ፊት መናገር አልለመደችምና ድምጿ ቀጠነ። «እኔ ለራሴ ብዬ መንገድ ወጥቼ አላውቅም። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ለምና ለምና ነው ያመጣችኝ። እንሰቱን ሳይ አባቴን አስታወሰኝ፣ ደስ አለኝ። እሷን አመሰግናለሁ። አላህ ደስ ያሰኛት።»

ይህን ስትል ወደ ረውዳ አላየችም። ሐይቁን ነበር የምታየው።

ረውዳ እንባዋ መጣ። ተራዋ እስኪደርስ ሦስት ሰው ይቀራል። የምትለውን አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር፤ ታዲዎስን አመስግና ልትጨርስ። ሄኒ በፈገግታ ታያታለች። ያቺን ፈገግታ ማጣት አልፈለገችም፤ በእውነት አልፈለገችም። ግን ክቡን አቋርጣ ስትራመድ እግሯን አገኘችው። ሄዳ እናቷ አጠገብ ቆመች፤ ባዶውን ዘንቢል ከክንዷ ላይ አወረደችና ራሷ ያዘችው።

«ረውዳ ሱሩር እባላለሁ» አለች። «ተራዬ እንዳልደረሰ አውቃለሁ። ሄኒ፣ አውቶቡስ ውስጥ ዋሽቼሻለሁ። ጎረቤታችን አይደለችም። እናቴ ናት።»

ሌላም ልትል ነበር፤ ምስጋናውን፣ መጥበሻውን፣ የዕረፍት ቀኗን። ሄኒ ግን ቀደመቻት።  አፏን በእጇ ይዛ «ወይኔ፣ እኔ ደግሞ የሽንኩርቱን ነገር!» አለች፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ኩልሱም ወደ እሷ ዞረች። የልጇን ሻርፕ፣ ሳይዛነፍባት፣ አስተካከለችላት።

ዳገቱ ከቁልቁለቱ ይብሳል። ረውዳ ዘንቢሉን ይዛ ከእናቷ እኩል፣ ቀስ እያለች ወጣች። እነሄኒ ከፊታቸው ራቁ፤ ይራቁ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ሐይቁን አብረው አዩት። ጉሙ ተገፎ ደሴቷ ጥርት ብላ ትታያለች። ረውዳ ከኪሷ በሶፍት የተጠቀለለውን ሳምቡሳ አወጣች።

«አልበላሽውም?» አለች እናቷ።

«ያኔ አልዋጥ አለኝ።»

ለሁለት ከፈለችው። ቀዝቅዟል፤ ምስሩም ቃሪያው በዝቶበታል። እንዲህ የጣፈጠ ነገር በልታ አታውቅም።

አውቶቡሱ ውስጥ ሄኒ ከኋላ «ሪዱ! ቦታሽን ይዤልሻለሁ!» ብላ ጮኸች።

«ይመችሽ፣ ሄኒዬ! ወሊሶ ስንደርስ እመጣለሁ» አለች ረውዳ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ሥር ሎሚውን ፈለገች፤ አገኘችውና በልብሷ ጠረገችው።

ኩልሱም ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችላት።

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት፣ «የኔ ልጅ።»