ዘጠኙን ማን ወሰደው?

ወዳጆቼ፣ ቁጥር ሲሰረቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ1982 ዓ.ም. ናዝሬት፣ ወይዘሮ ሙሉብርሃን ቤት፣ ቁጥር ተሰረቀ።

ልጃቸው ገብረወልድ የጉድጓድ ውሃ መርማሪ ነው። ቡልጋሪያ ሰልጥኖ ሲመለስ ኮምፒዩተር ይዞ መጣ። የመረመረውን ሁሉ እዚያ ይጽፋል። ከቆቃ ማዶ ያለች የአንዲት መንደር ውሃ ፍሎራይድ የሚሉት ማዕድን በሊትር ዘጠኝ ሚሊግራም ወጣ፤ ደህናው ከአንድ ተኩል አይበልጥም። ሲበዛ ጥርስ ያበልዛል፤ አጥንት ያጎብጣል። ሪፖርቱ ሰኞ ከገባ ጉድጓዱ ይዘጋል።

ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኙ አንድ ሆኖ ተገኘ።

"መብራት መጣ ሄደ ሲል ይሆናል" አለ ገብረወልድ። ደብተሩን አይቶ አስተካከለው።

ከሰዓት፣ ተመልሶ አንድ።

ወይዘሮ ሙሉብርሃን ዳዊታቸውን ይዘው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡ። ማንም ሳይነካው ቀይ መብራቱ ብልጭ ይላል። ውስጡ የሆነ ነገር ይቧጥጣል። ጠበል አመጡ።

"እማዬ! ይቃጠላል!"

"ሰይጣኑ ይቃጠል!" እጃቸው ግን አየር ላይ ቀረ። "የሌላው ጉድጓድ ቁጥርስ?"

"ሌላው እንዳለ ነው።"

"ሰይጣን እንዲህ አይመርጥም። ይሄ የሰው ሥራ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዘገዬ የጨዋታ ዲስኬት ካመጣልኝ ወዲህ። ኮምፒዩተሩ ሲነሳም ይንቀራፈፋል።"

ዘገዬ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ቡልጋሪያም አብረው ነበሩ።

"ያንን ጉድጓድ መጀመሪያ ሲከፈት ጥሩ ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው?"

ገብረወልድ ፊቱ ጠቆረ። "ዘገዬ።"

ኮምፒዩተሩን በድሮው ንጹህ ዲስኬት አስነሳው። ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ጠበቁ። ዘጠኝ። የዘገዬን ጨዋታ ከፈተ። አንድ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዘገዬ ምሳ ተጠራ።

"ልጄ፣ እዚያ መንደር ሄደህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ እማማ።"

"ታዲያ ምን አይተህ ፈረምክ?"

ዘገዬ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

"በ77 ጉድጓዱ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መመረቅ አለበት ብለው አለቆቼ አጣደፉኝ። ሳልመረምር ፈረምኩ። አሁን ቢታወቅ አሻጥረኛ ተብዬ መታሰሬ ነው።"

"ቁጥሩን የሚለውጠውን ቫይረስ ጨዋታው ውስጥ የደበቅከው አንተ ነህ?" አለው ገብረወልድ።

"እኔ ነኝ። ግን እንቅልፍ የለኝም። ዓይኔን ስከድን ልጆች ይመጣሉ። አይቻቸው እንኳ አላውቅም። አይናገሩም። ጥርሳቸውን ብቻ ያሳዩኛል።"

ሰኞ ሪፖርቱ በዘጠኙ ገባ። ዘገዬ ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ።

ጉድጓዱ ሲዘጋ ወይዘሮ ሙሉብርሃን እዚያው ነበሩ። ጉዲቱ የምትባል የመንደሯ የሰባት ዓመት ልጅ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀችላቸው።

እባካችሁ፣ ስትጸልዩ ስሟን ጥሩልኝ።